ኤንትሬ የማያስገባ በር

መርዳሳ ግንበኛውን ይቅር ያልኩት ባለፈው ሚያዝያ ነው። ሰውየው ከሞተ ስንት ጊዜው! ይቅርታዬን ማን እንደሚያደርስለት እንጃ፤ ብቻ እኔ ብያለሁ።

አሮጌውን ቤታችንን አፍርሼ በቦታው አዲስ ለማሠራት ተነስቼ ነበር። ሰው ልጁን ሲድር ስንት ያጣራል፣ ቤቱን የሚሠራለትን ግን ከመንገድ አንስቶ ይዋዋላል እያልኩ ስስቅ ኖሬ፣ በራሴ ሲደርስ እንቅልፍ አጣሁ። አንዱ ግንበኛ መጥቶ ስልኩ ላይ የዱባይ ቪላ ሲያሳየኝ ዋለ። ሌላው አለማግባቴን ሲሰማ «ታዲያ ከማን ጋር ነው የምንነጋገረው?» ብሎ ግቢውን ዘወር ዘወር ብሎ አየ፤ ከኒሙ ዛፍ ጀርባ ባል የደበቅኩ መስሎት ይሆናል። በመጨረሻ ሁንዴን ያዝኩ። ሁንዴ የዚሁ የአዳማ ልጅ ነው፣ ወጣት ነው፣ ስታናግሪው ዓይንሽን እያየ ይሰማል።

«እትዬ ሉሊት፣ የመኪና በሩ በየት በኩል ይሁን?» አለኝ።

እናቴ አበዛሽ ኒሙ ሥር ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ቢደክምም ጆሮዋ አልደከመም።

«ያው በበሩ ነዋ!» አለች።

«እማማ፣ በዚህ በርማ እንኳን መኪና ባጃጅም በመከራ ነው።»

«የመርዳሳ ሥራ ነው!» አልኩ እኔ። «ውሸታም! ሰፊ በር እሠራልሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኝ፣ ይችን የዶሮ ቤት በር ገጥሞብኝ ሄደ።»

ከልጅነቴ ጀምሮ የማወርድበት እርግማን ስለሆነ እናቴ እንደወትሮዋ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ዓይኗን አጥሩ ላይ ተከለች።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ፍራንኮ ሰፈር በኪራይ እንኖራለን። እናቴ ከቆቃ ቲማቲምና ሽንኩርት እያመጣች ለምግብ ቤቶች ታከፋፍላለች፤ አባቴ አብተው ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። መኪናው ያቺ ሰው ሁሉ ኤንትሬ የሚላት የጭነት ፊያት ናት፣ ፊቷ ጠፍጣፋ፣ ጡሩምባዋ በወለንጪቲ በኩል ገና ከተማ ሳትገባ የሚሰማ። ቢያንስ ለኔ ይሰማኝ ነበር።

ጡሩምባዋን ስሰማ ከነደብተሬ እሮጣለሁ። አባቴ መኪናዋን ወደ ኋላ እየነዳ ጥግ ሲያሲዝ፣ እኔ በስፖኪዮው የሚያየኝ ቦታ ላይ ቆሜ እጄን እያወናጨፍኩ «ና! ና! ና! ቁም!» እላለሁ። ረዳቱ እያለለት የሚሰማው እኔን ነበር። ከዚያ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ይወርድና «ሉላዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ግድግዳ ገጭቼ ነበር» ብሎ ቴምር ያሲዘኛል። ቴምሩን በጅቡቲ መንገድ ላይ ካለችው ከሎጊያ ነው የሚያመጣልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይከፋኝ ነበር። አባቴ እኛ ጋ ይታጠባል፣ ይበላል፣ እኔን አዝሎ ግቢውን ይዞራል፤ ለመኝታ ግን ወጥቶ ጋቢና ውስጥ ነው የሚተኛው። ለምን ስለው «ሌባ አለ የኔ ልጅ፣ ጎማ ይፈታሉ» ይለኛል። የአከራያችን በር ጠባብ ነው፣ ኤንትሬዋ አትገባም፣ ስለዚህ አስፋልት ዳር ትቆማለች፣ እሱም ይጠብቃታል። ነገሩ ለኔ ግልጽ ነበር። ኤንትሬ የሚያስገባ በር ቢኖረን አባቴ ከኛ ጋር ያድር ነበር።

ጋቢና ውስጥ የሚያስተኛው ሌባ እንዳልነበረ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ እናቴ የበሰለውን ቲማቲም ካልበሰለው እየለየች «ቤት ልንሠራ ነው» አለችኝ። «ቦኩ ተራራ ሥር ባለችው በአያትሽ በአባባ ቦታ ላይ። ግን ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ!»

«ለምን?»

«እንዳትይ ብያለሁ። ቆርቆሮ እስኪለብስ ማንም እንዳይሰማ።»

ገባኝ። አባቴን ድንገት ልታስደስተው ነው! አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። እናቴ ሳቅ ያፈነኝ መስሏት «ምን ያገለፍጥሻል?» አለችኝ።

መጀመሪያ የመጣው ማስረሻ የሚባል ሰው ነው። የተወለወለ ጫማ፣ ብብቱ ሥር የተጠቀለለ ወረቀት፣ ኪሱ ሙሉ ማስቲካ። ወረቀቱን ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቶ «ይሄ ሳሎን፣ ይሄ መኝታ» ሲል እኔ በክርኔ ተደግፌ «ኤንትሬዋስ?» አልኩት። ሳቀና እርሳሱን አውጥቶ ግቢው መሐል መኪና ሣለልኝ፤ ጎማ ሁሉ አደረገላት። በቃ፣ ቤታችንን የሚሠራው ማስረሻ ነው ብዬ በልቤ ጨረስኩ። እናቴም ወዳው ነበር፣ ሻይ ደግማለታለች።

«ለመሆኑ ባለቤትሽ ማን ነው?» አላት ሻዩን እያማሰለ።

«ሾፌር ነው። መንገድ ላይ ነው።»

«ሾፌሮቹንማ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ማን ይባላል?»

«አብተው» አለች እናቴ።

«አብተው! ኧረ ወዳጄ ነው! ሎጊያ ስሠራ እኮ ቤቱ ወስዶ ጋብዞኛል። እንዴት ያለ ቤት መሰለሽ፣ ሰፊ ግቢ...» ብሎ ድንገት ቀጥ አለ። ዓይኑ ከእናቴ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ብርጭቆው ሄደ። «ማለቴ... ሌላ አብተውም ሊሆን ይችላል» አለ።

እናቴ ወረቀቱን ቀስ አድርጋ ጠቀለለችና መለሰችለት። «ደክመሃል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።

«እማዬ፣ ሎጊያ ቤት አለን እንዴ?» አልኳት እንደወጣ።

«ሆቴል ማለቱ ነው።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆዎቹን ታጥብ ጀመር። የታጠበውን ደግማ አጠበችው። እኔ ግን ያዘንኩት ለተሣለችው መኪናዬ ነበር፤ ሆቴልን ቤት የሚል ሰው ውሸታም ስለሆነ እናቴ ያባረረችው መሰለኝ፣ እውነቷን ነው ብዬም ፈረድኩላት። ዛሬ ያንን ሳስብ፣ ስትጠረጥረው የኖረችውን ነገር በልጇ ፊት ከማያውቁት ሰው አፍ መስማት ምን እንደሚመስል ይገባኛል።

የሁለተኛው ስሙ ጠፍቶኛል። ትልቅ ቀለበት ነበረው፣ ሲቀመጥ ወንበራችን ሲጥ ይላል። ቦታውን ካየ በኋላ «እህቴ፣ ጥሩ ነው፣ እንግዲህ አባወራውን ጥሪልኝ» አለ።

«ከኔ ጋር ተነጋገር።»

«ከሴት ጋር አልዋዋልም። ነገ አባወራው መጥቶ አፍርስ ቢለኝስ?»

«እንግዲያው አባወራ ያለበት ግቢ ሂድ!» አለችው። እንደሱ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም፤ ሰውየው ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ፣ እኔ ነኝ ሮጬ ያደረስኩለት።

ከዚያ ኡሙሰልማ ጋ ሄድን። ኡሙሰልማ ገበያ ውስጥ ከእናቴ ጎን ሩዝና ዘይት የምትሸጥ ሴት ናት፣ ሳቋ ሦስት ሱቅ ያልፋል። ቤቷን መርዳሳ የሚባል ሰው እንደሠራላት ሰምተን ልናይ ነው። እናቴ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፣ ወለሉን በእግሯ ረገጠች። እኔ ኮርኒሱን ሳይ ቡኒ ቡኒ ቀለበት የሠራ የውሃ ነጠብጣብ አየሁ።

«ያፈሳል እንዴ?» አለች እናቴ።

«ወላሂ ያፈሳል! ክረምት ሲመጣ ሳፋ ነው የምደረድረው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ አትጠብቂው፣ ገበያ ነኝ ብሎ ይጠፋል።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታመሰግኚው?»

ኡሙሰልማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። እኔ ብስኩቴን ማኘኬን አቆምኩ። «አበዛሽዬ፣ ባሌ ሳዑዲ እያለ፣ ስለሱ ወሬው ሁሉ ሲመጣ ነው የሠራልኝ። አንድ ቀን ‹ባልሽስ?› ብሎ አልጠየቀኝም። ምሥጢር አያባክንም። ለኔ ለራሴ ነው የሠራልኝ።»

እናቴ ኮርኒሱን ደግማ አየች። «ጣሪያ ይጠገናል» አለች።

ልክ ናት አልኩ በልቤ! ድንገት ልናስደስተው አይደል? ወሬኛ ግንበኛ ምን ያደርግልናል?

መርዳሳ በጋሪ መጣ። ረጅም ሰው ነው፣ አፉ ውስጥ ክብሪት እንጨት የማይጠፋ፣ ሰላምታው በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ። ወረቀት አልያዘም፣ ማስቲካም አልያዘም። የአያቴን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ተራመደና ቆመ። ንፋሱ አቧራ እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትናል።

«ስንት ሰው ነው የሚኖርበት?» አለ።

«ሁለት» አለች እናቴ።

«ሦስት ነን!» አልኩ።

 መርዳሳ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ክብሪቱን ከአንድ ጉንጩ ወደ ሌላው አዞረ። «እንግዳ ቢመጣም እንዲበቃ አድርገን እንሠራለን» አለ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ከኔ ጋር ተካከለ። ከዚያ በፊት የትኛውም ግንበኛ ለኔ ቁጢጥ ብሎ አያውቅም።

«አንቺስ? ምን ይሠራልሽ?»

«ኤንትሬ የሚያስገባ በር! አባዬ ከነመኪናው እንዲገባ። ከዚያ ጋቢና ውስጥ አይተኛም።»

ቀና ብሎ እናቴን አየ። እናቴ ወደ ቦኩ ዞራ ነጠላዋን በንፋሱ ላይ ታስተካክላለች።

«ቶሌ» አለኝ። እሺ ማለቱ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም።

ያ ዓመት በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ዓመታት አንዱ ነው። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ግቢው እሮጣለሁ። ቀዩ አሸዋ ላይ ተንከባልዬ ዩኒፎርሜን እገድለዋለሁ። የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ዛሬም ከየትም መጥቶ አፍንጫዬን ሲያገኘው ልቤ ይሞቃል። መርዳሳ ሐሙስ ሐሙስ ይጠፋል፣ እናቴ አርብ አርብ ትጮህበታለች፣ እሱም «ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» እያለ ብሎኬቱን ይደረድራል። ሲባጎውን የምይዝለት እኔ ነኝ፤ ጫፉን ይዤ ስቆም የቤቱ ቀጥ ማለት የኔ ኃላፊነት ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሲመጣ ግን ቲማቲም ስንሸጥ የዋልን መስለን እንጠብቀዋለን። ምላሴን ነክሼ ነክሼ እንዴት እንደቻልኩት! «ሉላዬ፣ ምን ሆነሻል? ዓይንሽ ይስቃል» ሲለኝ «ምንም» እላለሁ፣ እናቴም በጎን ታየኛለች።

አጥሩ ሲሠራ ነው ጉዱ የፈላው። አንድ ቀን ስመጣ ግንቡ ተዘግቶ፣ ቀለም ሊቀባ ተለስኖ፣ መሐሉ ላይ ለሰው ብቻ የምትበቃ በር ቀርታለች።

«ጋሽ መርዳሳ! ኤንትሬዋስ?» አልኩ።

«ቶሌ ብዬሻለሁ እኮ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር ልስኑን እያለሰለሰ።

«አትገባም! አየኋት፣ አትገባም! ረስተውት ነው!»

«ኢንተላ ኮ፣ ተረጋጊ።» ልጄ ማለቱ ነው። እኔ ግን ልጁ አልነበርኩም። ሲባጎውን መሬት ላይ ወርውሬ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላም በመንገድ ሳገኘው ሰላም አልለውም ነበር። ለእናቴ ብነግራት «ዝም በይ፣ የሰው ሥራ አታበላሺ» አለችኝ።

አዲሱ ቤት ከገባን በኋላ ነው አባቴ የመጣው። ማን እንደነገረው አላውቅም። ጡሩምባዋን ሰምቼ በረርኩ፣ ከኋላ ቆሜ «ና! ና! ና!» ብዬ ኤንትሬዋን እስከ አጥሩ ድረስ አመጣኋት። እዚያ ስትደርስ ግን «ቁም!» ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ወረደ። ቤቱን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ በሯ ላይ የቆመችውን እናቴን አየ።

«ለኔ ሳትነግሪኝ?» አላት።

«አንተስ ነግረኸኝ ነው የሠራኸው?» አለችው።

ደስታዬን አትጠይቁኝ! አባቴም በበኩሉ እኛን ድንገት ለማስደሰት ተደብቆ ቤት ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው! ሁለቱም ተደባብቀው! አጨበጨብኩ። ማንም አብሮኝ አላጨበጨበም።

«መኪናውስ የት ይገባል?» አለ አባቴ በሯን እያየ።

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለች እናቴ።

«አባዬ፣ መርዳሳ ረስቶት ነው! እናስፈርሰዋለን! ሰፋ እናደርገዋለን፣ አይደል እማዬ?»

አባቴ ጸጉሬን ዳበሰኝ። ቴምሩን ሰጠኝ። በዚያች ጠባብ በር ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ውሃ ጠጣ፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየነካ «ጎበዝ ነው የሠራው» አለ። ከዚያ ወጥቶ መኪናዋን መንገዱ ማዶ አቆመና ጋቢና ውስጥ ተኛ።

ከዚያ በኋላም ይመጣ ነበር። ማዶ አቁሞ ጡሩምባ ይነፋል፣ እወጣለሁ፣ ቴምር ይሰጠኛል። ቀስ በቀስ ለበዓል ብቻ ሆነ። ካቻምና ሎጊያ ሲቀበር ሄጄ ነበር፤ ግንባሩን የወረሱ ወንድሞችና እህቶች አገኘሁ፣ ደግ ሰዎች ናቸው፣ አብረን አለቀስን። ግቢው ውስጥ ኤንትሬዋ ጎማዋ ተነቅሎ ድንጋይ ላይ ቆማለች። የግቢው በር ሰፊ ነበር። ከሬሳው ይልቅ ያንን በር እያየሁ እንዳለቀስኩ ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ባለፈው ሚያዝያ ሁንዴ ሥራውን የጀመረው ከአጥሩ ነው፤ የአሸዋ መኪና እንዲገባ ግንቡ መፍረስ ነበረበት። ከበሯ በስተግራ ያለውን ሠራተኞቹ ልጆች በመዶሻ ቢቀጠቅጡ ቢቀጠቅጡ እምቢ አለ። በስተቀኝ ሲመቱት ግን ብሎኬቱ ሳይሰበር እየተላቀቀ ተራ በተራ ወረደ።

ሁንዴ የማያያዣውን ቁራሽ አንስቶ በጣቱ ፈረፈረው። «ጭቃ ነው! እትዬ ሉሊት፣ እዚህ ጋ ሲሚንቶ የለም። ሲሚንቷችሁን ሸጦ በጭቃ ነው የገነባላችሁ!»

«አላልኩም?» አልኩ። «ውሸታም ብቻ ሳይሆን ሌባም ነበር!»

«ሌባስ አትበሉት!» እናቴ ከወንበሯ ተነስታ ነበር። «አፋችሁን ሰብስቡ! ያንን ምሶሶ ልስኑን አራግፉት።»

አንዱ ልጅ ጭቃው ያለቀበትን የኮንክሪት ምሶሶ በመዶሻው ጫፍ መታ መታ አደረገው። ልስኑ ወረደ። ከሥሩ ወፋፍራም የብረት ማጠፊያዎች ከኮንክሪቱ ወጥተው፣ ዝገው፣ ቆመዋል። የትልቅ በር ማጠፊያዎች። ከዚያች ጠባብ በር እስከዚህ ምሶሶ ያለው ክፍተት ምን እንደሚያስገባ ለማወቅ ሜትር አላስፈለገኝም።

«ቶሌ ብሎሽ አልነበር?» አለች እናቴ።

ብሎኬቱ ላይ ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ በጥፍርሽ ፍቀሽ ታፈርሺው ነበር። አንቺ አፍርሰሽው ቢገባ ምን ይረባኛል?» ነጠላዋን ጎተተች። «‹በሩን አስፊልኝ› ብሎ አባትሽ ራሱ ቢጠይቀኝ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። መርዳሳ እንደዚያ አድርጎ ነው የሠራው፣ እኔው ነኝ ያልኩት። በየእንቁጣጣሹ መጥቶ ግንቡን መታ መታ እያደረገ ‹በሲሚንቶ ልድፈነው ወይስ ይቆይ?› ይለኝ ነበር።»

«ምን ትይው ነበር?»

«ይቆይ።»

«እስከ መቼ?»

«መርዳሳ እስኪሞት። ከዚያማ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ።» ሳቅ ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም። «አባትሽ እቴ! ማዶ ቆሞ ጡሩምባ ከመንፋት በቀር አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣ።»

እጇን ያዝኩት። ልልላት የፈለግኩት ብዙ ነበር፣ ግን ያኔውኑ የአሸዋ መኪናው መጥቶ ጡሩምባውን ነፋና ሁለታችንም ደነገጥን። ሾፌሩ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «የት ልድፋው?» ይላል። ሁንዴ ስልክ እያወራ ነው፣ ልጆቹ ብሎኬት ያነሳሉ። መኪናው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ክፍተቱ መምጣት ጀመረ።

እናቴ እጇን ከእጄ አስለቀቀች። በዚያ በሚያማት ጉልበቷ እያነከሰች ሄዳ፣ ሾፌሩ በስፖኪዮው የሚያያት ቦታ ላይ ቆመች። ክንዷን አነሳች።

«ና!» አለች። «ና! ና! ግራ ያዝ... ና! አይዞህ፣ ይበቃሃል፣ ና! ና!... ቁም!»

እናቴ እንደዚያ ስትል በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። መኪናው ምሶሶውን ሳይነካ ግቢያችን መሐል ገብቶ ቆመ። እኔ ሰው እያየኝ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ሾፌሩ ዘሎ ወረደ። «እማማ፣ ከኔ ረዳት ይሻላሉ እኮ! ከየት ተማሩት?»

«የሾፌር ሚስት ነኝ» አለችው፣ ነጠላዋን ከአቧራው እያራገፈች።